ከላይ ያለው ቀን

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ "ልጄ ደመና ላይ ነው የምትሠራው" ትልና ንግግሯን ሳትጨርስ ሳቋ ያመልጣታል። የሸዋ ሰው ናት፤ ነቀምቴ ወልዳ ከብዳ ብትኖርም ተረቷን አልተወችም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብላ ትጨምርበታለች። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ እየተናደድኩ አስረዳታለሁ፣ እሷም እየሳቀች አልገባኝም ትላለች። አሁን አሁን ሳስበው ገብቷታል፤ የምትፈልገው ስናደድ ማየት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቡድን ለወለጋ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሞዴል ፈተና በኮምፒውተር ያዘጋጃል። ፈተናው የሚቀመጥባቸውን ትልልቅ ማሽኖች፣ ሰርቨር የሚባሉትን፣ እኛ አንገዛም፤ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ያከራየናል። ክላውድ የሚባለው ይኸው ነው፤ ደመናም ዝናብም የለበትም። ሞዴል ፈተናው ሲደርስ ማሽኖቹን እናቆማለን፣ ሲያልቅ እናፈርሳለን። ስናቆም ግን አንድ በአንድ እየነካካን አይደለም። ቴምፕሌት የምንለው ፋይል አለ፤ ለግንበኛ እንደሚሰጥ ፕላን ነው። ይህን ያህል ማሽን፣ መግቢያው በዚህ በኩል፣ ጥበቃው እንዲህ ያለ፣ ብለን ድርጅቱ ባወጣው የቴምፕሌት ቋንቋ እንጽፍና እንልክለታለን። እሱም አንብቦ፣ ቁርስ በልተን ሳንነሳ ሠርቶ ያስረክበናል።

የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቀን አለ። ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚህ ቀን ነው። ድርጅቱ ቋንቋውን በየጊዜው ያሻሽላል፤ አዲስ ቃል ይጨምራል፣ ያረጀውን አስጠንቅቆ ያወጣል። ያሻሻለውን ቋንቋ የሚጠራው ደግሞ በወጣበት ቀን ነው፤ ቨርዥን የምንለው እሱን ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ቀን ለማሽኑ "በዚያን ቀን በወጣው ቋንቋ አንብበኝ" ማለት ነው። ድርጅቱም ቃል ገብቷል፤ ቋንቋው የቱንም ያህል ቢለወጥ የድሮ ቀን የያዘ ፋይል በድሮው ትርጉሙ ይነበባል። ይህች ቃል ባትኖር በየዓመቱ ፋይሎቻችንን ሁሉ እንደ አዲስ ስንጽፍ እንኖር ነበር፤ እኔም በጨጓራ አልቄ ነበር።

ይህን ሁሉ በመመሪያ ጽፌዋለሁ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ማን ያንብበው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣና ሁላችንም ጎጃሜው የምንለው፣ መመሪያዬን አጥፎ ለሚንገዳገደው ጠረጴዛው እግር ደግፎበታል። ስቆጣው "ጠረጴዛው ጸንቷል እኮ፣ መመሪያሽ ሠርቷል" ይለኛል። ኃላፊያችንም ፈርመውበት መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። እሳቸውን አዴ እንላቸዋለን፤ በዚህ አገር ወይዘሮ እንደማለት ነው። አዴ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲስቁ የሚያስደነግጡ ሴት ናቸው።

መመሪያዬን ዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው የመጣው ከመዝገብ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ መዋቅር ሲያጠና መዝገብ ቤቱ ታጠፈ፤ ኃላፊውም ወደ እኛ ቡድን ተመደቡ። ኦቦ አቶ እንደማለት ነው፤ በቢሮው ብዙ ኦቦ አለ፤ ኦቦ ብቻ ከተባለ ግን እሳቸው ናቸው። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰላምታቸው ረጅም። ማለዳ ሲገቡ "አካም ቡልቴ፣ ኢንተለ ኮ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ እናቴን ይጠይቃሉ፣ ጉልበቷን ይጠይቃሉ፣ የጎረቤታችንን ላም ሳይቀር ይጠይቃሉ። እኔ በባሕርዬ ችኩል ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን ላሟ ላይ ስንደርስ ጥርሴን እነክስ ነበር። በኋላ ግን እሳቸው የቀሩ ቀን ላሟን የሚጠይቅልኝ አጣሁና ቅር አለኝ።

በመዝገብ ቤት ዘመናቸው ኦቦ የሚፈሩት በአንድ ነገር ነበር። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ አይቀበሉም፤ ቀኑ ያለፈበት ደብዳቤም ከእጃቸው አይወጣም። ሚኒስትር ይጻፈው ዘበኛ፣ ይመልሱታል። "ቀን የሌለው ደብዳቤ ጭራ የሌላት ላም ነው፣ ዝንቡን እንኳ አያባርርም" ይሉ ነበር። አዴ ራሳቸው ስንት ጊዜ ደብዳቤያቸው ተመልሶባቸዋል።

እንግዲህ አዴ ኦቦን ሲቀበሉ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የአርጆ ከተማን ሞዴል በራሳቸው እጅ ካቆሙ በቡድኑ ይቆያሉ፤ ካልሆነ ሁለት መኪና ተቀይሮ የሚደረስበት ወረዳ ላይ የጽሕፈት ቦታ አለ፣ ወደዚያ ይዛወራሉ። አሠልጣኟ እኔ፣ ሪፖርቱን የምጽፈውም እኔ። ኦቦ ባለቤታቸው ካረፉባቸው ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እዚሁ ነቀምቴ። ከተዛወሩ በፈተናዋ ዓመት ወይ ልጅቱን ከትምህርቷ ነቅለው ይወስዳሉ፣ ወይ ዘመድ ቤት ጥለዋት ይሄዳሉ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ልጅቱ ናት። አንድ ቀን ምሳ ይዛላቸው መጥታ በረንዳ ላይ አገኘችኝና "አባቴ ይችላል አይደል?" አለችኝ። ይችላል አልኳት። መቼ አውቄ፤ ገና ማውሱን እንደ ብርጭቆ ነበር የሚይዙት።

ግን ቻሉ። በሁለት ጣት ይተይባሉ እንጂ የሚተይቡት አይሳሳትም። ፋይሉን ከመላካቸው በፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ እኔና ጎጃሜውም "ሃ ታኡ"፣ ይሁን ማለት ነው፣ እያልን እንቀበላለን። ጎጃሜው መጀመሪያ ለቀልድ ነበር የሚቀበለው፤ አንድ ቀን ኦቦ በሌሉበት የራሱን ፋይል ሲልክ አጉረምርሞ ሲመርቅ ሰማሁት። ያዘችኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ልምምዱ ሁሉ አማረ፤ ስናቆም ቆመ፣ ስናፈርስ ፈረሰ። የኡኬ ከተማን ሞዴል ባለፈው ባቆምንበት ፋይል ግልባጭ ላይ የአርጆን ትምህርት ቤትና የተማሪውን ብዛት ብቻ ነበር ኦቦ የቀየሩት።

አርጆ የገባነው ማለዳ ነው፣ ጉሙ ገና ከዛፎቹ ላይ ሳይነሳ። ርእሰ መምህሩ ቁርስ ሳትበሉ ብሎ እምቢ አለ፤ ሞቅ ያለ አንጮቴ፣ የወለጋ ሥራሥር ነው፣ በቅቤ ቀረበልን። ኦቦ እንደ ሙሽራ ሁለት ጉርሻ በልተው ተዉት። ጎጃሜው የሳቸውንም ድርሻ አነሳ፤ ይህ ድንች አይደለም፣ ይህን አገሬ ወስጄ ነው የምተክለው እያለ። ተማሪዎቹ በኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው እርሳስ ይዘዋል። እርሳስ ለምን ብዬ ብጠይቅ አንዷ "ለድፍረት ነው" አለችኝ።

ኦቦ ተቀመጡ፣ መረቁ፣ እኛም ተቀበልን፣ ላኩት። ማሽኑ ወዲያው መለሰ። ይህን ቨርዥን አላውቀውም ይላል።

እንደገና ላኩ። አላውቀውም።

ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩትና የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። ከላይ የነበረው የድርጅቱ ቀን የለም። በቦታው የዚያን ዕለት ቀን ተጽፏል፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር። "ኦቦ፣ ይህን ቀን ማን ነካው?" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ የተሰለፉት ተማሪዎች ወደ እኛ ዞሩ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ትናንት ከቢሮ ስንወጣ። ላዩ ላይ የቆየ ቀን አየሁ፤ ዛሬ ለሚወጣ ነገር የቆየ ቀን እንዴት ይሆናል? ደብዳቤ ቀን የሚጻፍበት ሲወጣ ነው። ደግሞ አንቺው በመመሪያሽ አንደኛ ብለሽ አዘሻል፣ በፋይል ላይ ለውጥ ያደረገ ሁሉ ቀኑን ይጻፍ ብለሽ።"

እውነታቸውን ነው። አንደኛው ደንብ ያ ነው። እኔ የፈለግሁት ከታች፣ በማስታወሻው ቦታ እንዲጻፍ ነበር። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ቨርዥን ማንም በራሱ ፈቃድ አይቀይርም ይላል፤ ግን ከላይ ያለው ቀን ቨርዥኑ እንደሆነ የትም አይልም። ለእኔ የታወቀ ነገር ስለሆነ ለማንም የታወቀ መስሎኝ። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ፤ ይህን መመሪያ ከጻፍኩ ወዲህ ያነበበልኝ አንድ ሰው ተገኘ፣ እሱም በማንበቡ ፋይሉን ሰበረው።

ጎጃሜው ስክሪኑን አጎንብሶ አየና በጣቱ ይቆጥር ጀመር። "በፈረንጅ ሲታሰብ እኮ ይህ ቀን ካለፈ ሰባት ዓመት አልፎታል" አለ። "ያን ጊዜ እኔ ማትሪክ አልወሰድኩም፤ ድርጅቱም በዚያን ቀን ያወጣው ነገር የለ።" ሳቄ መጣ፤ ቁጣዬም አብሮት ወጣ። ኦቦ ግን አልሳቁም። እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄን እንግዲህ ለማን እተዋታለሁ" አሉ። አንጀቴን በሉኝ። በረንዳ ላይ ይችላል ያልኳት ልጅ ፊቴ ድቅን አለች።

"ምን ታካብዳላችሁ፣ የቅርብ ጊዜውን ቨርዥን ነው መጻፍ፤ አዲስ ነገር ሁሌም ይሻላል" ብሎ ጎጃሜው እጁን ሰደደ፣ የመጨረሻውን ቀን ጻፈ፣ ላከ። አሁን ደግሞ ማሽኑ ቀኑን አወቀው፣ ፋይሉን ናቀው። ተማሪዎቹ የሚገቡበትን መግቢያ የምንከፍትበት ቃል ከቋንቋው ወጥቷል፣ በዚህ ቨርዥን አይሠራም አለ። ለእኛ ፋይል አዲሱ ቋንቋ እንግዳ ነው፤ ግማሹን ቃል እንደገና ካልጻፍን አይገባቡም፣ እሱ ደግሞ የሳምንት ሥራ ነው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩት። "እጅህን አንሳ። የእሳቸው ሥራ ነው።"

ወንበሬን ወደ ኦቦ አስጠጋሁ። ሰልፉ ማጉረምረም ጀምሯል፣ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን ያያል። ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ጀመርኩ። "ኦቦ፣ ይህ የደብዳቤ ቀን አይደለም። የደንብ ቀን ነው። እርስዎ በድሮው የሠራተኛ ደንብ የተቀጠረ ሰው ጉዳይ ሲመጣ በየትኛው ደንብ ነበር የሚያዩት?"

"በተቀጠረበት ነዋ" አሉ። "አዲስ ደንብ ወጣ ተብሎ የድሮው መብቱ አይነካም።"

"ይህም እሱ ነው። ፋይሉ በዚያን ቀን በወጣው ደንብ ዳኙኝ እያለ ነው።"

ቀና አሉ። "የድሮው ደንብ አልተሻረም?"

"አልተሻረም። እንደማይሽሩት ቃል ገብተዋል።"

"በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ ነው ኦቦ።"

መነጽራቸውን አስተካከሉና "እንግዲያው ኡኬን ክፈቱ" አሉ። "የኡኬን ፋይል አልለወጥኩትም፤ ያልለወጥኩት ላይ ቀን አልጽፍም።" እውነትም የኡኬ ፋይል እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነበር፣ ከላይ የቆየው ቀን እንደተቀመጠ። ከሦስታችን አንዳችንም ቀኑን በቃላችን አልያዝነውም ነበርና ከዚያ ባይገኝ ቢሮ እየደወልን ስናስፈልግ እንውል ነበር። ኦቦ በሁለት ጣታቸው፣ አንዷን ቁጥር ከሌላዋ እያመሳከሩ፣ ወደ አርጆው ፋይል ገለበጡት። የራሳቸውን ቀን ደግሞ አልጣሉትም፤ ታች ማስታወሻው ቦታ ላይ አሰፈሩት። መረቁ። እኔ ከልቤ ነው የተቀበልኩት፤ ጎጃሜውም የአርጆ ተማሪ ሁሉ እስኪሰማ።

ቆመ። ማሽኖቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ፣ መግቢያው ተከፈተ፣ ልጆቹ እርሳሳቸውን እንደያዙ ገቡ። ኦቦ ወደ በረንዳው ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። ጎጃሜው ወደ እሳቸው ሊሄድ ሲል ይዤ አስቀረሁት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሪፖርቱን እንዴት ልጽፈው ብዬ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ሰበሩት ብዬ ካልጻፍኩ ውሸት፣ ሰበሩት ብዬ ከጻፍኩ ዝውውር። ሐሳቤ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር መሰለኝ፣ ኦቦ "ኢንተለ ኮ፣ ያየሽውን ጻፊ" አሉኝ። "ስርዝ ድልዝ ያለበት ነገር በእኔ ስም አይገባም።"

ያየሁትን ጻፍኩ። አዴ አንብበው ሦስታችንንም ጠሩን። "ሰብረውታል" አሉ ኦቦን እያዩ።

"ሰብሬዋለሁ" አሉ ኦቦ።

"ጠግነውታልም" አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። "በራሳቸው እጅ። የሰበሩትም መመሪያውን በመፈጸም ነው።" ጎጃሜውም ከጎኔ ሆኖ "አዴ፣ እኔ ሁለተኛ ሰብሬዋለሁ፤ ያውም ምንም ሳላነብ" አለ። በዚያች ሰዓት ላቅፈው ነበር።

አዴ መሳቢያቸውን ሳቡና መመሪያዬን አወጡ። ያኔ እንደተፈረመበት ነው፣ ገጹ እንኳ አልተላቀቀም። አንደኛውን ደንብ አነበቡ፣ ሁለተኛውን አነበቡ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ኦቦ አዩ። ከዚያ ያ የሚያስደነግጠው ሳቃቸው መጣ። "ታዲያ ምን አጠፉ?" አሉ። "የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። ይቆያሉ። ደብዳቤው ነገ ይደርስዎታል። አንቺ ደግሞ ይህን መመሪያ ከሳቸው ጋር ቁጭ ብለሽ አስተካክዪው።"

እኔ ዘልዬ ነበር የወጣሁት። ኦቦ ግን ለልጃቸው እንኳ አልደወሉም። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" አሉና ተቀምጠው ከእኔ ጋር መመሪያውን ማስተካከል ያዙ። በሁለተኛው ደንብ ላይ የሚገባውን ዐረፍተ ነገር እኔ አራት መስመር አድርጌ ጻፍኩት፣ እሳቸው አጠሩት። አሁንም እንዲህ ይነበባል፦ "ከላይ ያለው ቀን የጻፍክበት ቀን አይደለም፤ ቃል የተገባልህ ቀን ነው፤ አትንካው።" ጎጃሜው ገጹን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ለጠረጴዛው ሌላ ድጋፍ ፈለገ።

በማግስቱ ደብዳቤው መጣ። ኦቦ ቆመው ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከላይ ጀምረው አዩት። እኛ ፊታቸው ላይ ደስታ ስንጠብቅ ግንባራቸው ተቋጠረ። ደብዳቤውን መልሰው አጠፉት።

"ምን ይላል ኦቦ?" አልኩ።

"ይቆያሉ ይላል።"

"ታዲያስ?"

"ቀን የለውም።"

ጎጃሜው ራሱን ያዘ። እኔ ለመንኳቸው፣ በአምላክ አልኳቸው፣ እኔ ልጻፍበት አልኳቸው። አልሰሙኝም። ኮታቸውን ቆልፈው፣ በዕድሜያቸው ሙሉ የተመኙትን የመሰለ ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ኮሪደሩን አቋርጠው ሄዱና የአዴን በር አንኳኩ። በሩ ተከፈተ። ወዲያው የአዴ ሳቅ እስከ እኛ ክፍል ተሰማ።

ተመልሰው ሲመጡ ቀኑ ከላይ በቀይ እስክርቢቶ ተጽፎበታል። ኦቦ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። ልጅቱ ከወዲያ በኩል ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እሳቸው ያሉትን ግን ሰምቻለሁ። "አሱማ ጂራ፣ ኢንተለ ኮ" አሏት፣ እዚሁ ነን ልጄ ማለት ነው፤ አላመነችም መሰለኝ፣ ደገሙላት።